መጮህ የሚፈቀድበት ቤት

ሙንታሲር ከፈን ስፊልኝ ብሎ ሱቄ ድረስ ሲመጣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ከፈን አይሰፋም፣ አንተ ፋራ!» አልኩት። «ወልቂጤ ድረስ ሄደህ ዲግሪ ስትጭን ይሄን እንኳ የነገረህ የለም?»

እውነቴን ነበር። ከፈን መርፌ አይነካውም። አቡጀዲው ይቀደዳል፣ ሬሳው ይጠቀለልበታል፣ ራስጌና ግርጌው በዚያው ጨርቅ ቁራጭ ይታሰራል። መቃብር ሲገባ እስሩ ይፈታና ሟቹ በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ አድርጎ ይተኛል። በዓለም ላይ ልብስ ሰፊ የማያስፈልገው ልብስ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ሙንታሲር የፈለገው ግን ዚፕ ያለው ነው። ውስጡ የሚተኛው ሰው ጊዜው ሲደርስ ዚፑን ከውስጥ ስቦ ብድግ ማለት አለበት።

«ሾውን የሚይዘው እኮ እሱ ነው፣ ሰልሚ» አለኝ። «ሰዉ እዚያ ጋ ሲደርስ ነው ነፍሱ የምትወጣው።»

«የማን ነፍስ? የሬሳውማ ወጥታለች።»

ሳቀ፤ እኔም ሰፋሁለት። እውነተኛው የማይሰፋው ነው፣ የተሰፋ ከፈን ቀልድ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከጂኒዎቹ ቀሚስና ከጥቁር ካባዎቹ ጋር አጣጥፌ ሰጠሁት።

ሙንታሲር ከተመረቀ በኋላ ቡታጅራ ተመልሶ አስፋልት ሲለካ የከረመ ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ አይቶት የመጣውን ነገር ከገበያው ጀርባ ባለው የአጎቱ የበርበሬ መጋዘን ውስጥ ከፈተው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ትገባላችሁ፣ በሩ ከኋላችሁ ይቆለፋል። ጨለማው ውስጥ ቁልፍ እየፈለጋችሁ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ታልፋላችሁ። ጂኒ የሆኑ፣ ጠንቋይ የሆኑ፣ ሬሳ የሆኑ ሰዎች በየጥጉ ይጠብቋችኋል። የመጨረሻውን ቁልፍ ካገኛችሁ በጓሮ በር ትወጣላችሁ፤ ካላገኛችሁ ሙንታሲር ራሱ መጥቶ ያወጣችኋል፣ ከተማውም ሲስቅባችሁ ይከርማል። ሼሁ በጁምዓ ኹጥባ ላይ ነካ አድርገውት ነበር። ያ ለሙንታሲር ማስታወቂያ ሆነለት። ዐረፋን ሊያከብር ከአዲስ አበባ የገባው ወጣት በሙሉ በሩ ላይ ተሰለፈ።

እኔን ያጓጓኝ ጂኒው አልነበረም። የአንዷን ጂኒ ቀሚስ ላሳጥር የሄድኩ ዕለት ከውስጥ የሴት ጩኸት ሰማሁ። ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች፤ ደጅ የተሰለፈው ይስቃል፤ «ምን ሆንሽ?» የሚላት የለም። ቀናሁባት። ለካ ቡታጅራ ውስጥ ሴት ልጅ እንዳሻት የምትጮህበት ቤት አለ አልኩ። እኔ መጮህ የተከለከልኩ ሴት ነኝ።

ባሌ ዑመይር ወደ ሳዑዲ ሲነሣ ገና ከተጋባን ሁለት ወራችን ነበር። የሄደው በጅቡቲ፣ በባሕር ነው። አብሮት የሄደው የሠፈራችን ልጅ አብዱልሃፊዝ ከወራት በኋላ ብቻውን ተመለሰ። ሽማግሌዎቹም እንደ ደንቡ ሊያረዱን ከሱብሒ ሶላት በኋላ አብዱልሃፊዝን ይዘው ደጃችን ላይ ቆሙ። አማቴ ዘይባ በሩን ከፍተው አዩአቸው። ሳይነጋ ሽማግሌ ተሰብስቦ በር ላይ ከቆመ ምን ሊል እንደመጣ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሰዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ አማቴ ቀደሟቸው።

«ሬሳውን ይዛችሁ ከሆነ ግቡ» አሉ። «ካልያዛችሁ ልጄ በሕይወት አለ።»

በሩንም ዘጉት።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ዐረፋ አለፈ። ድንኳን አልተተከለም። ሬሳው ለሌለ ሰው የሚሰገደው የሩቅ ሶላት አልተሰገደም። ጎረቤት ሊያስተዛዝን ብቅ ካለ «ልጄን ልትገድሉብኝ ነው የመጣችሁት?» ብለው ይመልሱታል። አብዱልሃፊዝን መንገድ ላይ ሲያዩት ይሻገራሉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሱቄ ደጅ ጠርቼው ነበር፤ ባሌ እንዴት እንደሆነ ንገረኝ ብዬ ለመንኩት። «እናት ሳትሰማ ለሚስት አይነገርም፤ ሽማግሌዎቹ አስምለውኛል» አለና ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ ሄደ። መርዶ በእናት ጆሮ ነው የሚጀምረው። የእናትየው ጆሮ ከተዘጋ ሁሉም አፍ ይዘጋል።

ጓዳ ገብቼ እንባዬ ከመጣ፣ ከየት እንደሚሰሙኝ እንጃ፣ አማቴ ከበሩ ወዲያ ሆነው ይጠይቁኛል።

«ለማን ነው የምታለቅሺው፣ ሰልሚያ? የሞተ ሰው አለ?»

ምን ብዬ ልመልስ? አለ ብል ገዳይ ነኝ፣ የለም ብል ውሸታም። እንባዬን ጠርጌ ወደ ስፌት መኪናዬ እመለሳለሁ።

ክፉ ሴት እንዳይመስሏችሁ። ወላሂ ከእናቴ በላይ ነው የያዙኝ። ሲበሉ ያስቀድሙኛል፣ ሲያመኝ እግሬን ያሹልኛል፣ ሰው ፊት ልጄ እንጂ ምራቴ ብለውኝ አያውቁም። ተስፋቸው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነበር፤ ወተቷን እሳቸውም አያዩት፣ እኔንም ከላሚቱ ጋር አስረውኛል። ሚስት ነኝ እንዳልል ባል የለኝም። ባሌ ሞቶብኛል እንዳልል የሞተ የለም።

ዘንድሮ የአባቴ ትዕግሥት አለቀ። አባቴ ሀቢቡ እንሴኖ ነው የሚኖረው። «ዐረፋ እንዳለፈ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለኝ በስልክ። «ወይ አማትሽ ልጄ ሞቷል ይበሉ፣ ወይ ቃዲ ዘንድ ሄደን ትፈቻለሽ። ዕድሜሽን የዘይባ ደጅ ላይ አሰጥቼ አልቀርም።»

መሄዱን አልጠላሁትም። ሳላለቅስ መሄዱን ነው የጠላሁት። ለቅሶ ሳልቀመጥለት ከወጣሁ፣ በሕይወት ያለ ባሏን ጥላ የሄደች ሴት ነኝ፤ ከተማውም የሚለኝ ይሄንኑ ነው። እኔ ደግሞ ዑመይርን አልጣልኩትም። ማታ መብራት ሲጠፋ በስልኩ እያበራ መርፌዬ ላይ ክር የሚያስገባልኝ እሱ ነበር። ክሩን ምራቁ ውስጥ ነክሮ ነክሮ ነው የሚያወጣው፤ «ክሬን አበሰበስከው!» ብዬ እቆጣዋለሁ፣ እሱ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሰው ሳይለቀስለት ይቀራል?

አባቴ ነገ ሊመጣ ዛሬ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሒጃቤን አድርጌ ብድግ አልኩ።

«ሙንታሲር ጋ ደርሼ ልምጣ፣ እማ።»

«የጂኒው ቤት? ብቻሽን?»

«ልብሱን የሰፋሁት እኔ አይደለሁ? ዝም ብሎ ያስገባኛል።»

«ባሏ ሩቅ አገር ያለ ሴት ጨለማ ቤት ብቻዋን አትገባም» አሉና ጫማቸውን አጠለቁ። «እኔም እመጣለሁ።»

እንግዲህ እንዳሻኝ ልጮህ የሄድኩት አታልቅሺ የሚሉኝን አማቴን አስከትዬ ነው። ዕድሌን በሆዴ ረገምኩት።

ሙንታሲር አማቴን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «እማ ዘይባ፣ እርስዎም ሊገቡ? ልብዎ ደህና ነው?»

«ልቤን ምን አገባህ? ክፈት።»

አንድ ነገር ሊነግረኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ከኋላ ግን ሰልፉ «ኧረ ቶሎ በሉ!» እያለ ይገፋናል፣ አማቴም አንድ እግራቸውን አስገብተዋል። ተወውና በሩን ከኋላችን ቆለፈው።

መጀመሪያ የተቀበለን የበርበሬው ብናኝ ነው። መጋዘኑ ለስንት ዘመን የማረቆ በርበሬ ሲታጨቅበት ኖሮ ግድግዳው ሳይቀር ያቃጥላል፤ ሙንታሲር ደጋግሞ ቢያጥበውም አልለቀቀም። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ከድምፅ ማጉያው የሆነ ነገር ያቃስታል። ድንገት ፀጉሯን ያንጨባረረች ጂኒ ከጥጉ ዘላ ወጣች፤ ጥፍሯን ዘርግታ ልትጮህብን አፏን ስትከፍት አስነጠሳት።

«አልሀምዱሊላህ በይ እንጂ» አሏት አማቴ።

«አልሀምዱሊላህ» አለች ጂኒዋ።

«የርሀሙኪላህ። የሳላሀዲን ልጅ አይደለሽም እንዴ? አባትሽ እዚህ መሆንሽን ያውቃል?»

ጂኒዋ ፀጉሯን ከፊቷ ሰበሰበች። «እማ ዘይባ፣ በአላህ እንዳይነግሩት» አለችና ቁልፉ ከየትኛው ማዳበሪያ ሥር እንዳለ ሹክ ብላን ወደ ጥጓ ተመለሰች። እኔ ለመጮህ አየር ስቤ ነበር። ሳቅ ቀደመኝ።

በሁለተኛው ክፍል ከጣሪያው የተቆረጠ እጅ ወረደብን። አንድ ጠንቋይ ቢላ እየሳለ በዙሪያችን ዞረ። ሌላ ሰው ቢሆን ግድግዳ ይቧጥጥ ነበር። እኔ ጩኸቴን ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አጣሁት። አፌን ከፍቼ ብጠብቅም ከጉሮሮዬ የወጣው ሳል ነው። ዓመታት ሲውጡት የኖሩት ነገር ዛሬ ና ሲሉት አይመጣም ለካ።

አማቴ ግን ቤታቸው የገቡ መሰሉ። በወጣትነታቸው የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ፣ መጋዘኑን እንደ መዳፋቸው ነው የሚያውቁት። «እዚህ ጋ ሚዛኑ ነበር» ይሉኛል በጨለማው እየዳሰሱ። «እዚህ ጋ ሴቶቹ ተሰብስበን በርበሬ እንቀነጥስ ነበር። ዑመይር ጀርባዬ ላይ ነበር ያኔ፤ በርበሬው ሲያስነጥሰው እነሱ ይስቃሉ።» ስለ እሱ ሲያወሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ገበያ ወጥቶ የሚመለስ ያህል። ጠንቋዩ ቢላውን ይዞ ቆሞ ይሰማቸዋል።

የመጨረሻው ክፍል ቀዝቃዛ ነበር። አንድ ነጭ አምፖል ብቻ በርቷል። ከሥሩ መሬት ላይ ሰሌን ተነጥፏል፣ ሰሌኑ ላይ እኔ በሰፋሁት አቡጀዲ ውስጥ ሰው ተጋድሟል። ፊቱ እንደ ሬሳ ተሸፍኗል። ቁልፉ ደረቱ ላይ ተቀምጧል። ቁልፉን ስታነሡ ነው ብድግ ብሎ የሚጮህባችሁ፣ ሙንታሲር ልብሱን ሲያሰፋኝ ነግሮኛል። እጄን ዘረጋሁ። አሁን እንኳ ይመጣል አልኩ።

«ተይ» አሉ አማቴ።

ዞሬ አየኋቸው። ዐይናቸው ነጩ ጨርቅ ላይ ተተክሏል።

«ዚፕ ነው?»

«አዎ፣ እማ።»

«ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከፈን ይሰፋል፣ ሰልሚያ?»

«ጨዋታ ነው እኮ፣ እማ።»

«ጨዋታም ቢሆን!» ዙሪያውን ዞሩት። ተቆጥተዋል። «እግሩን ወደ ቂብላ አድርገው በጀርባው አንጋለውታል። የሰው ልጅ ለጨዋታም ቢሆን እንዲህ አይተኛም። እዚች ጥግ ላይ ነው ዙህርን የምንሰግደው የነበረው፣ ፊታችንን ወደዚያ፣ ወደ አዲስ አበባው መንገድ አድርገን።» ጎንበስ አሉ። «ነይ፣ በዚያ በኩል ሰሌኑን ያዢ።»

ምን ላድርግ? ያዝኩ። ሁለታችን በየጫፉ ጎተትነው፣ ሰውየውም አብሮ ዞረ። አሁን ይስቃል፣ አሁን ብድግ ይላል ብዬ ስጠብቅ ንቅንቅ አላለም። ቁልፉ ከደረቱ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ማናችንም አላነሣነውም። አማቴ ተንበርክከው አንድ እጃቸውን ከትከሻው፣ አንዱን ከወገቡ ሥር አስገቡ። «ቢስሚላህ» ብለው በቀኝ ጎኑ አዞሩት። ለማስመሰል ራስጌው ላይ ያሰርኩትን ቁራጭ ጨርቅ ፈቱት። እጃቸው መጀመሪያ የተቆጣ ሰው እጅ ነበር። እየቆየ ዘገየ። ትከሻውን አስተካከሉለት። ክንዱ እንዳይጎረብጠው ጨርቁን ከሥሩ ሳብ አደረጉለት። መቃብር ውስጥ ጉንጭ አፈር መንካት አለበትና ዚፑን ከራሱ በኩል ወደ ታች ሳቡት።

ፊቱ ዱቄት ተቀብቷል። ከዐይኑ እስከ ሰሌኑ ድረስ እንባው ዱቄቱ ላይ መንገድ አውጥቷል። አብዱልሃፊዝ ነበር።

ዐይኑን አልገለጠም። አማቴም እጃቸውን አላነሡም። ከድምፅ ማጉያው የተቀዳ የጠንቋይ ሳቅ ይመጣል፣ ያበቃና እንደገና ይጀምራል። ተነሥተው ይወጣሉ ብዬ ነበር፤ መንገድ እንደሚሻገሩት። አልወጡም።

«እንዲህ ነው ያስተኛችሁት?» አሉ። ድምፃቸው ከመድከሙ የተነሣ ጠጋ ማለት ነበረብኝ።

«አዎ» አለ አብዱልሃፊዝ፣ እንደተኛ። «በቀኝ ጎኑ።»

«ባሕር ውስጥ አይደለም?»

«አይደለም፣ እማ ዘይባ። ባሕሩ መልሶ አወጣው። ጀልባዋ በተገለበጠች በነጋታው ዳር ላይ አገኘነው። አሸዋውን በእጃችን ቆፈርን።»

«ከፈኑስ?»

«ጨርቅ ከየት ይመጣል? ሽርጡ ወገቡ ላይ ነበር። በእሱ ጠቀለልነው።»

«ያ ሰማያዊው? እኔ የገዛሁለት?»

«እሱ።»

አማቴ አቡጀዲውን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ፣ «ቂብላውን በምን አወቃችሁ? በዚያ በረሃ» አሉ።

«ፀሐይዋ እስክትገባ ጠበቅን። በግራችን አደረግናትና ፊቱን ወደ ፊት አዞርነው። ያዞርኩት እኔ ነኝ። የተረፍነው ቆመን ሰገድንበት። እንደ ውሻ አልጣልነውም፣ እማ ዘይባ። ወላሂ አልጣልነውም።»

አማቴ መዳፋቸውን ዱቄት የተቀባው ጉንጩ ላይ አደረጉ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

አብዱልሃፊዝ ዐይኑን አሁን ገለጠ። «ያን ዕለት ይሄንኑ ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ዘጉብኝ። ከዚያ ወዲያ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ልጩህልዎ?»

እኚህ ሴት ሬሳውን አምጡ ሲሉ፣ የልጃቸውን ፊት ወደ ቂብላ ያዞረው እጅ በየቀኑ በደጃቸው ያልፍ ነበር። ስንቱ ጎረቤት እሳቸውን ደስ ለማሰኘት «የመን እስር ቤት ይኖራል፣ አንተ በደንብ ሳታይ ነው» እያለ አብዱልሃፊዝን ሲያስረዳው ከርሟል! ለቀባሪው አረዱት ይሏችኋል ይሄ ነው።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። ዐይናቸው ደረቅ ነበር።

«ሰልሚያ» አሉ። «ዑመይር ሞቷል። አላህ ይርሀመው።»

ያኔ መጣ። ከጉሮሮዬ አልነበረም፣ ከሆዴ ነው የተነሣው። ስሙን ጠርቼ ጮህኩ። መሬቱ ላይ ተቀምጬ፣ ደረቴን ይዤ፣ «ዑመይሬ! ዑመይሬ!» እያልኩ ጮህኩ። ከደጅ ጭብጨባና ፉጨት ሰማሁ። «ይሄ ነው ሾው!» ይላል አንዱ። «ሴትዮዋ አበደች በቃ!» ይላል ሌላው፣ ይሳሳቃሉ። ሙንታሲር በድምፅ ማጉያው «አይዟችሁ፣ ቁልፉ ደረቱ ላይ ነው!» ይለናል። አልፈረድኩባቸውም። ቤቱ የተከፈተው ለዚሁ ነው። እኔ ባሌን ሳለቅስ እነሱ ሳቁ፣ ከዚያ አማቴ ተቀበሉኝ። እሳቸው ሲያወጡ እኔ እቀበላለሁ፣ እኔ ስደክም እሳቸው ያነሣሉ። ሼሁ ሙሾ ሐራም ነው ይሉናል። በዚያ ሰዓት ሼሁን ያስታወሰ የለም።

ሰልፉ ውስጥ ሳሌሃ የምትባል የሠፈራችን ባልቴት ነበረች፣ የልጅ ልጆቿን ይዛ የመጣች። መጀመሪያ የለየችው እሷ ናት። የፍርሃት ጩኸትና የለቅሶ ጩኸት አንድ አይደለም። ለቅሶ ቤት የዋለ ጆሮ አይሳሳትም። በኋላ እንደነገሩኝ፣ «ዝም በሉ! ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ የዘይባ ለቅሶ ነው!» ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ሳቁ ባንዴ ቆመ። ሙንታሲር የጓሮውን በር በረገደው፣ የቀን ብርሃን ገባብን።

አብዱልሃፊዝ ከነአቡጀዲው አማቴን ደግፎ ሲያወጣቸው ሰልፉ መንገድ ለቀቀ። ስልኩን ያወጣ አልነበረም። ሊፈራ የመጣው ሰው ሁሉ ተከትሎን ሠፈራችን ድረስ መጣ። ጂኒዋ ሳትቀር ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና ከሴቶቹ ጋር ታለቅስ ነበር። ሳይመሽ የእድሩ ድንኳን ደጃችን ላይ ቆመ።

በነጋታው አባቴ ከእንሴኖ የመጣው ለጠብ ተዘጋጅቶ ነው። ድንኳኑን ሲያይ ጫማውን አውልቆ ገባና ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። የሩቅ ሶላቱ ተሰገደ። ከዚያ አባቴ ስለ ዒዳዬ ሼሁን ጠየቃቸው። ዒዳ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን በባሏ ቤት ተቀምጣ፣ ሂና ሳትቀባ፣ ሽቶ ሳትነካ የምታዝንበት ጊዜ ነው። እኔም ልቤ ለዚያ ተዘጋጅቶ ነበር። አባቴን አስታግሼ፣ እዚሁ ተቀምጬ፣ የዑመይር ሚስት ሆኜ አዝናለሁ ብዬ ነበር። ሼሁ አብዱልሃፊዝን አስጠርተው የሞተበትን ጊዜ አጣሩ።

«ዒዳ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው» አሉ። «ሴቲቱ ሳታውቅ ካለፈም አለፈ። የእሷ ዱሮ አልቋል። ነፃ ናት።»

አባቴ «አልሀምዱሊላህ» አለ። እኔ ግን ተናደድኩ። ዱሮ አልቋል! ሂና ተቀብቼ፣ የሰው ሰርግ ላይ እያጨበጨብኩ፣ ለሙሽሮች ቀሚስ እየሰፋሁ አልቋል።

«አንድ ቀን እንኳ አልቀረልኝም?» አልኳቸው።

ሼሁ ጢማቸውን ያዝ አድርገው መሬት መሬት አዩ።

አማቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው መጡ። በሰው ሁሉ ፊት እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ በብብታቸው ይዤ አስቀረኋቸው።

«አፉ በይኝ» አሉ። «የራሴን ለቅሶ የያዝኩ መስሎኝ ነበር። ያንቺን ነው ለካ የያዝኩት።»

«አፉ ብያለሁ፣ እማ» አልኩ። ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበረም። አሁንም ሙሉ በሙሉ አይደለም። ግን አልኩት፣ ዕቅፍም አደረግኋቸው።

አባቴ ለቅሶው እስኪያበቃ እንድቆይ ፈቀደልኝ። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሙንታሲር አቡጀዲውን አጥቦ ይዞ መጣ። የሬሳውን ክፍል እንደዘጋው ነገረን። አብዱልሃፊዝን ከዚያ ሥራ አውጥቶ በር ላይ አድርጎታል። አማቴ ጨርቁን ተቀበሉና ከጓዳ ምላጭ አመጡልኝ።

«ተርትሪው።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ተረተርኩት። ዚፑ ወጣ፣ የጎኑ ስፌት ወጣ። የቀረውን ክር በጥፍሬ ለቀምኩት። ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግተው ሲያዩት በጠርዙ ሁሉ የመርፌዬ ቀዳዳ ተሰልፎ ይታያል።

«ይታያል እኮ» አልኩ። «ይተዉት፣ አዲስ እገዛልዎታለሁ።»

«ይታይ። የኔ ነው። ቀኔ ሲደርስ በዚህ ጠቅልሉኝ።» ሲያጣጥፉት ቆዩና፣ «እንሴኖም ብትሆኚ፣ ሌላም ብታገቢ ትመጫለሽ። ሌላ ማን አለኝ የሚያዞረኝ?» አሉኝ።

«እመጣለሁ» አልኩ። ይሄኛው ሙሉ በሙሉ እውነት ነበር።

ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስጭነን ከአባቴ ጋር ገባን። አማቴ እስከ መናኸሪያ አልመጡም፤ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነው የሸኙኝ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው። መኪናው ከተማውን ለቆ የእንሴኖን መንገድ ሲይዝ እንባዬ መጣ። እንደ ልማዴ በሒጃቤ ጫፍ አፌን አፈንኩ። ከዚያ ትዝ አለኝና ለቀቅሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። ሰዉ ዞሮ አየኝ። ረዳቱ ሙዚቃውን ዘጋው። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ለማን እንደማለቅስ የጠየቀኝ የለም።